አምስት ፍሬ ኪኒን ለሰብለ

ባለፈው ሐሙስ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንሠራበት ምግብ ቤት፣ ሰብለ (ስሟን ቀይሬዋለሁ) ወደ ዕቃ ማጠቢያው ጎትታ ወሰደችኝና በጆሮዬ «አረገዝኩ» አለችኝ። ልጅ አጥታ ከቆየችበት ከሰባት ዓመት ትዳር በኋላ... እልል ማለት ሲገባኝ እጄን አየሁ።

ሁለታችንም ዕቃ ስናጥብ ከመዋል እጃችን ተሰነጣጥቆ ጓንት በደም ነበር የምናወልቀው። እኔ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ክሊኒክ ለእጅ ችፌ የሚዋጥ መድኃኒት እየሞከሩ ነው ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ኪኒን ይወስዳል፤ ለማን የቱ እንደደረሰው ግን አይነገርም።

በየወሩ የእርግዝና ምርመራ አለ። ነርሷም በሄድኩ ቁጥር ጽንስ ይጎዳል፣ ለማንም እንዳትሰጪ ትለኛለች። እኔ በአርባ አምስት ዓመቴ ማን ሊያረግዝ ነው እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ።

በሁለተኛው ወር እጄ ለሰለሰ። ሰብለ የኔን እጅ አየች፣ የራሷን አየች። የዳንኩበትን ደብቄ እንዴት ይሆናል? አምስት ፍሬ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሷ ከተትኩላት። ክሊኒክ የተረፈውን ኪኒን ሲቆጥሩ አምስቱ ሲንክ ውስጥ ወደቁብኝ ብዬ ዋሸሁ።

ስለ ጽንሱ ግን ለሰብለ አልነገርኳትም። ረስቼ አይደለም። እሷማ አታረግዝም ብዬ በልቤ ፈርጄባት ነበር።

ጥናቱን ስጀምር እውነተኛው እንዲደርሰኝ ተስዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የዳነውን እጄን እያየሁ፣ እመቤቴ ባዶውን አድርጊው ብዬ ለመንኩ።

«ያን ኪኒን... ዋጥሽው እንዴ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «አትቀየሚኝ። ልጅ ለማግኘት ትሪትመንት ላይ ነበርኩ፣ ለሰው አልተናገርኩም። ዶክተሬን ሳልጠይቅ ምንም አልወስድም። እንቢ ብልሽ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው የተቀበልኩሽ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ የደስታ መስሏት አቀፈችኝና «ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ለነርሷ ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ ከጥናቱም ወጣሁ። ለሰብለ ግን ጽንስ እንደሚጎዳ እያወቅኩ መስጠቴን ልንገራት ብዬ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

እጄስ ድኗል... ፊቴን የት ላድርገው?