የልጄ የካሜራ ካርቶኖች

ልጄ የመጀመሪያ ካሜራዋን ገዝታ ኮምቦልቻ ወዳለው ቤታችን ይዛ የገባች ቀን የተነጋገርነው ስለ ካርቶኑ ነው። የካሜራው፣ የሌንሱ፣ የፍላሹ፣ ሦስት ካርቶን። ዕቃው ከወጣ ባዶው ምን ያደርጋል አልኳት። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት የማሽን ሳጥን ላይ የተጻፈውን እየጠየቅሁ ነው። ሰው በቤቱ የሚሠራበትን ዕቃ ብቻ ያኑር ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው።

እሷ ግን ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አሳየችኝ። ካሜራው ግርጌ ላይ ያለውም ያው ቁጥር ነው። «አባ፣ ይሄ የልደት ወረቀቱ ማለት ነው። አንድ ቀን ብሸጠው ይጠይቁኛል» አለች። ገና ሳትሠሪበት መሸጡን ታስቢያለሽ ብዬ ገሠጽኳት። ያም ሆኖ ስፖንጁንም ላስቲኩንም እንደነበረ መልሳ ካርቶኖቹን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደረደረቻቸው።

ሥራዋ ደሴ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ትውላለች። ሰርግ ሲሆን ደግሞ ወንድ ፎቶ አንሺ የማይገባበት የሴቶች ዳስ ስላለ ፈላጊዋ ብዙ ነበር። እናቶች ሻሻቸውን ጥለው ሲጨፍሩ ታነሳለች። ያንን ፎቶ ለማንም ወንድ፣ ለእኔም ቢሆን፣ አታሳይም። አማና ጠባቂ፣ የሰው አደራ የማታጎድል ነበረች። ይህንን ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም።

ጦርነቱ ሲመጣ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልላ አዝላው አብረን በእግር ሸሸን። ስንመለስ ቤቱ ተራቁቷል። ቁም ሣጥኑ የለም። ካርቶኖቹን ግን ባዶ ስለሆኑ የወሰዳቸው አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘናቸው።

ከዚያ ወዲህ ባገሩ አንድ ልማድ ገባ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት «ካርቶኑ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቴሌቪዥን ይሁን ስልክ፣ ካርቶን የሌለው ከሰው ቤት የተዘረፈ ነው ተብሎ ይፈራል። የጎረቤቱን ዕንባ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ የለም፤ ሐራም ነው። ልክ ናቸው።

ሰርጉ ቀዘቀዘ፣ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ። ልጄ ዓረብ አገር ልሂድ አለች፤ ለመንገዷም ካሜራውን ልትሸጠው ነው። እኔ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ቁጭ ብዬ አትሂጂብኝ ማለት ሲገባኝ ሌላ ነገር አደረግሁ። እሷ በሌለችበት ሦስቱን ካርቶኖች ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ከመፍቻዎቼ ጋር አልጋዬ ሥር ደበቅኋቸው። ስትጠይቀኝ አይጥ በላቸውና አቃጠልኳቸው አልኳት። ካርቶን ከሌለ ገዢ የለም፣ ገዢ ከሌለ ልጄ አትሄድም ብዬ ነው። በልጅነቷ ዋሸሽ ብዬ የገረፍኳት ልጅ ቃሌን አልተጠራጠረችም።

«ምንም አይደል አባ፣ እንኳን አይጦቹ ቤቱን አልጨረሱት» አለችኝ።

ያለ ካርቶን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወሰደችው። የገባችበት ነጋዴ ሱቁ በጦርነቱ የተዘረፈበት ሰው ነው፤ ከጠፋበት ዕቃ አንዱም የዚሁ ዓይነት ካሜራ ነበር። ካርቶኑ የት አለ ሲላት አባቴ አቃጠሉት አለች።

«የሌባ ሁሉ ካርቶን ይቃጠላል» አላት። ሰው ተሰበሰበ። ካሜራውን ነጥቆ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳት።

ከዚያ ደወለችልኝ። ካሜራው የእሷ መሆኑን መጥቼ እንድመሰክር ብቻ ነው የለመነችኝ። የፈለገችው ቃሌን ነበር። ቃል ብቻውን እንደማያወጣት ግን አውቃለሁ። ማዳበሪያውን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን እስክንወጣ ሌላ ውሸት ስፈልግ ነበር፤ ጎረቤት ቤት ተገኘ ልበል፣ የተቃጠለው ሌላ ካርቶን ነው ልበል። አንዱም አልቆም አለኝ።

ፖሊሱ ካርቶኑን አውጥቶ ቁጥሩን ከካሜራው ጋር አስተያየ። አንድ ነው። ነጋዴው አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ልቤ የተቃጠለ ሰው ነኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለችው፤ አላቅማማችም። ከዚያ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። አይጥ የነካው ቦታ የለውም፤ ጥቀርሻም የለውም። ቀና ብላ አየችኝ። ፖሊሱ ፊት ልታዋርደኝ ትችል ነበር። ካርቶኑን ዘግታ ለፖሊሱ መለሰችለት። ነጋዴው ካሜራውን ከነካርቶኑ እዚያው ከእጇ ገዛ። ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የምትሄድ ዕለት እንደ ልማዳችን ጎረቤቱን ሁሉ አፉታ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «ያስቀየምኩዎ ካለ አፉ ይበሉኝ አባ» አለች። አፉ ብያለሁ አልኳትና ስለ ሶላቷ፣ ስለ ሰው አገር ጥንቃቄ ረጅም ምክር መከርኳት። አንቺም አፉ በይኝ የምልበት ሰዓት ያ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ አባት ልጁን አፉታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ብዬ ዋጥኩት። ለባዕዱ ነጋዴ በሕዝብ ፊት ያልከበደው ቃል ለእኔ ከበደኝ። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ መድኃኒቴን መውሰዴን ትጠይቃለች። አንቺስ ስላት አልሐምዱሊላህ፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው ትላለች። ድሮ ልጄ ደህና ነኝ ካለች ደህና ነበረች፤ ሌላ ማጣራት አያስፈልገኝም ነበር። ባለፈው ጁምዓ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ስታለቅሺ ነበር ወይ አልኳት።

«ጉንፋን ነው አባ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። የዋሸኋት እኔ እንዴት አድርጌ እውነቱን ንገሪኝ ልበላት?