ቀጭ ብላ የምትዘጋው የኩል ዕቃ

ባለፈው ሳምንት፣ ጁባ ኮር ዊሊያም ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የልጄ የሂክማ መስታወት ፊት አንዲት ጥቁር ክብ የፓውደር ዕቃ ተቀምጣ አገኘሁ። ክዳኗ ላይ የወርቅ ፊደል አለ። አንስቼ ከፈትኳት፤ ስዘጋት «ቀጭ» አለች። ይህችን ድምፅ አውቃታለሁ። ስንት ዓመት ቆይታ፣ ከስንት አገር በኋላ፣ ጁባ ድረስ ተከትላኝ መጣች። የቆየ ቅናቴም አብሯት ተነሳ።

ሂክማ አየር መንገድ ቢሮ ትሠራለች፤ ዕቃዋን በደመወዟ ከዱባይ ነው ያስመጣችው። እኔ ደግሞ ካስተም በሚባለው የጁባ ገበያ ፓውደር፣ ቅባትና የከንፈር ቀለም በጅምላ የምሸጥ ሰው ነኝ። ለኒካህ ሰርጓ ብዬ ከኡጋንዳ ከመጣው ጭነት የተሻለውን መርጬ አንድ ካርቶን አስቀምጬላት ነበር። ከፍታ አየችውና፣ «አባ፣ እንዳትቆጣ፤ ያንተ በላብ ይወርዳል። ፎቶ ላይ ደግሞ ያስነቃል» አለችኝ። በዚሁ በምሸጠው ዕቃ ያሳደግኳት፣ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ተቆጣሁ፤ «ለስም ነው የከፈልሽው!» ብዬ ጮህኩባት። ግን ከቁጣው ሥር ያለውን አውቀዋለሁ። በአንዲት ክብ ዕቃ ቀንቼ ነበር። ይህ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ልጅ እያለሁ፣ ኮምቦልቻ ሳለን፣ እናቴ ዘሐራ በሰፈሩ በኩሏ የታወቀች ነበረች። የኩሉን ድንጋይ ከገበያ ገዝታ በትንሽ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ ቅርንፉድ ትጨምርበትና በጣት ሲይዙት እስከማይታወቅ ድረስ ትፈጨዋለች፤ በመጨረሻ በሻሽ ትነፋዋለች። ኢድ ሲቃረብ ቤታችን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። የእናቴ ጣቶች ጫፋቸው ጥቁር ሆኖ ይሰነብታል። የሰፈር ሴቶች ብልቃጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ስኳር፣ ምንም የሌላት ዱዓ ታመጣለች። እናቴ ለሁሉም እኩል ትሞላለች። «ኩል የሚታየው ዓይን ላይ ነው፤ ብልቃጥ ላይ አይደለም» ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ለጎረቤታችን ለእትዬ ሩቅያ፣ ጅዳ የምትሠራው እህቷ ኩል ላከችላት። ዕቃዋ የወርቅ ቅብ ናት፣ ክብ ናት፣ ክዳኗ ውስጥ ትንሽ መስታወት አላት። ስትዘጋ ቀጭ ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እግሩ ወደ እትዬ ሩቅያ ቤት ሆነ። ወደ ሰርግ ሲሄዱ እዚያ ጎራ ይላሉ፤ በየተራ ትንሽ ትንሽ ይኳላሉ፤ ዕቃዋን ከፍተው ዘግተው ይወጣሉ። የእናቴ ደጃፍ ጭር አለ። የእትዬ ሩቅያ ልጅ ጀማል ብይ ስንጫወት ተሸንፎ ሲናደድ፣ «የናትህ ኩል የምጣድ ጥቀርሻ ነው!» አለኝ። በቡጢ አፍንጫውን አልኩት። ኳስ ወይም ጫማ አልነበረም የሚያስቀናኝ። ያቺ ዕቃ የእናቴ እንድትሆን ነበር የምፈልገው።

የገረመኝ የጅዳው ኩል አለማለቁ ነው። ዓመት ሞላው፤ እነዚያ ሁሉ ሴቶች ይኳሉታል፤ አሁንም አለ። የአረፋ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ምስጢሩን በዓይኔ አየሁ። እትዬ ሩቅያ በጓሮ በኩል መጣች። ከነጠላዋ ሥር ያቺን ዕቃ አወጣች፤ ባዶ ናት። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ በማንኪያ ጫፍ ከራሷ ኩል ሞላችላት። ከዚያ ዕቃዋን ከመመለሷ በፊት ዘጋቻት። ከፈተቻት። ደግማ ዘጋቻት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መስታወቷ ውስጥ አንድ ጊዜ ፊቷን አየችና ሰጠቻት። ከሁሉም በላይ የከነከነኝ እሱ ነው። ለብልቃጥ ግድ የላትም የምላት እናቴ ለካ እሷም ትቀና ነበር። እኔ በር ሥር መቆሜን ስታይ፣ «ያየኸውን ዋጠው» አለችኝ።

ሦስት ቀን ዋጥኩት። በአራተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ሂና የሚታሰርላት ሙሽራ ነበረችና ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ እኛ ልጆች በር ላይ ለቴምር እንጋፋለን። ዕቃዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። አንዷ ተኳለችና፣ «ወይ የውጭ ነገር! ዓይን ላይ እንደ ሐር ነው እኮ» አለች። ሌላዋ ቀጠለች፤ «የዘሐራማ ያቃጥለኝ ነበር።» እናቴ እዚያው ጥግ ተቀምጣ የሙሽራዋን ሂና ታቦካለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ ግን ፈነዳሁ። «የእማዬ ነው! የምትኳሉት የእማዬ ኩል ነው! እትዬ ሩቅያ በጓሮ መጥታ አስሞላች!»

እትዬ ሩቅያ እጇ ላይ ያለችውን ዕቃ ጨብጣ ቀረች። ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። የተመኘሁላት ሰዓት ደርሷል፤ «አዎ» ብትል ክብሯ በሙሉ ይመለሳል። እናቴ ሂናውን ማቡካቷን ሳታቆም፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ! ላስሞላ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ነፍጋኝ መለሰችኝ» አለች። «የኔው ከሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ሩቅያም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ኩሉ በጉንጯ ወረደ።

ቤት ስንገባ እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ሩቅያ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ቤቷን የረገጠላት ሰው አልነበረም። ያቺ ዕቃ ናት በሯን ያስከፈተችላት» አለችኝ። «አንተ ዛሬ ያንን በር ልትዘጋባት ነበር። የኔ ኩል እንደሆነ ዓይናቸው ነግሯቸዋል፤ አፋቸው ባይነግረኝ ምን ጎደለኝ?» እትዬ ሩቅያ ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞር ነበር። ዛሬ ሳስበው ከቅናቴ ያተረፍኩት ያንን ብቻ ነው።

ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ከካርቶን ላይ እያነበብኩ ተማርኩ። ስለዚህ የሂክማ ፓውደር ከኔው ይሻል እንደሆነ በአፍ ክርክር ብቻ ልተወው አልፈለግሁም። ባለፈው ቅዳሜ የሂክማን ፓውደር በቀኝ እጄ፣ የሱቄን በግራ እጄ ጀርባ ቀብቼ ካስተም ሄድኩ፤ በፀሐይ ካርቶን ሳወርድ አረፈድኩ። ከሱቄ ፊት ሻይ የምትሸጠው ማማ ሮዝ እጄን አይታ፣ «ያ ሐጂ! ኢታ አሩስ?» ብላ በጁባ ዓረብኛ ጮኸች፤ ሙሽራ ነህ እንዴ ማለቷ ነው። ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። እውነቱን ልናገር። የኔው ቶሎ ተዝረከረከ፤ የሂክማ ቆየ። የተሻለ ነው። ከዋጋው ልዩነት ጋር ግን አይመጣጠንም፤ የኔን ካርቶን ሙሉ የሚገዛ ገንዘብ ያህል የተሻለ አይደለም። የቀትሩ የዙህር አዛን ሲል ደግሞ ሁለቱም ከሶላት በፊት በምታጠብበት የውዱእ ውሃ እኩል ታጠቡ።

ያንን ሁሉ ልነግራት ተዘጋጅቼ ቤት ገባሁ። አልነበረችም። ዕቃዋ መስታወቱ ፊት ናት። አንስቼ ከፍቼ ስዘጋ፣ ከፍቼ ስዘጋ፣ ሂክማ ከኋላዬ ደርሳለች።

«አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ድምፁን እየሰማሁ ነው።»

ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ከበደ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ገንዘቡን ያወጣል?»

«ዱቄቱ አያወጣም» አልኳት። «ዕቃዋን ግን አያትሽ ብታያት ትወዳት ነበር።»

ያኔ በሰፈሩ አንዲት ዕቃ ነበረች፤ ሁሉም በየተራ ይኳልባት ነበር። ዛሬ እያንዳንዷ ልጅ የየራሷን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ ለጎረቤቷ ስታቀብል አላየሁም። እናቴ ጣቷ ጥቁር ሆኖ ኖራ፣ ቀጭ የምትል ዕቃ ሳይኖራት አለፈች። እኔ ደንበኞቼን ለስም አትክፈሉ እላለሁ፤ ነገም እላለሁ። ለእሷ ቢሆን ግን ዋጋውን ሳልጠይቅ እገዛላት ነበር።

በሚመጣው ሐሙስ ሂክማ ሂና ይታሰርላታል። የዱባዩ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር፣ የኔ ካርቶን ጥግ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። «ያንተስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ «የኔው ከሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?» እላለሁ። እናቴ ስትለው የቀለላት ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለማመደው ነው ክብደቱን ያወቅኩት።