ሁለት ወላጅ ያለው ክላስ

ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ውስጥ እኔ ጃቫ አስተምር ነበር፤ እሱ፣ ባልደረባዬ፣ ደግሞ ሲ ፕላስ ፕላስ። ሁለቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ግን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። እሱ ለተማሪዎቹ «ጃቫ ለፈሪ የተሠራ ነው» ይላል፤ ወሬው ሳይውል ሳያድር እኔ ጋ ይደርሳል። እኔም «ገደል አፋፍ ላይ መሮጥ ጀግንነት ከሆነ ይሩጥ» ብዬ እልክለታለሁ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠባችን ሰለቻቸው። «አንድ ላይ ግቡና ሁለቱን እያነጻጸራችሁ አስተምሩ» አሉን። እምቢ ማለት አልቻልንም።

አንዱ ኮድ የሌላውን የሚወስድበት፣ ውርስ የሚባለው ርዕስ ላይ ስንደርስ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደ። ሰሌዳው ላይ «አባት» የሚል ክላስ፣ የኮድ ንድፍ መሆኑ ነው፣ ጻፈ፤ አጠገቡ «እናት»፤ ከሥራቸው «ልጅ»።

«በሲ ፕላስ ፕላስ ልጅ ከሁለቱም ይወርሳል፤ እንደ ጎጃም ርስት» አለ። «በጃቫ ግን አንድ ክላስ የሚወርሰው ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «የእናቱን መሬት አጎቶቹ የያዙበት ሰው ጃቫን ቢወድ አይፈረድበትም።»

ኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ከአገሬ ከጅጋ አካባቢ የመጡት፣ ነገሩን የሚያውቁት፣ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም፤ ከአጎቶቼ ጋር የያዝኩት የመሬት ክርክርም ገና ፍርድ ቤት ነበር።

ጠመኔውን ነጥቄ አባትም እናትም ውስጥ ስሙን የሚመልስ «ስም» የሚል ተግባር ጻፍኩ። «በል፣ ልጁን ስምህ ማን ነው በለው» አልኩት። «የአባቱን ይውሰድ የእናቱን ስለማያውቅ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይቀበልህም። ጃቫ ይህን ጭቅጭቅ ነው ከሥሩ የቆረጠው።»

«የማንን እንደምትፈልግ ለይተህ ብትጽፍ ይቀበላል» አለ ረጋ ብሎ። «አንተ ለይቶ መጠየቅ አታውቅበትም።»

ስለ ኮዱ እውነቱን ነበር፤ ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁና ኃላፊውን «ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ክፍል አልገባም» አልኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አወለቁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሲ ፕላስ ፕላስ ከትምህርቱ ወጣ፤ እሱም ቡሬ ሥራ አገኘ። ያስወጣሁት እኔ ይመስለዋል። አይደለሁም፤ ግን ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። መሬቱም ለእኔ ተፈረደ።

ዘንድሮ ጅጋ ላይ ሚኒባስ ስሳፈር ከጎኔ የተቀመጠው እሱ ሆኖ አገኘሁት።

«መሬቱ ተመለሰልህ አሉ» አለ መስኮቱን እያየ። «እኔ እኮ ያን ቀን ስለ ቋንቋ ነበር ያወራሁት።»

«ቋንቋህን አውቀዋለሁ» አልኩት።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጉልበቱን ገፋ አድርጌ፣ ሳልሰናበተው ወረድኩ።