አባቴ ያለበት ግቢ

ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የምሠራበት ድርጅት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ጣሊያን ላከኝ። እሑድ ዕለት አስጎብኚ ተመድቦልን በባሕር ጠረፍ ያለች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ወሰዱን። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን እኔ በምን ዓይኔ ልያት? ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ከኢታንግ ደውሎ፣ ባሮ ወንዝ ሞልቶ ግቢያችን እንደገባና እናታችን ግን አልወጣም እንዳለች ነግሮኛል።

አልወጣም ያለችው በአባቴ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚቀበረው እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። አባቴ ማንጎው ሥር ካረፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቴ ጠዋት ጠዋት መቃብሩን ትጠርጋለች፤ ዝናብ አፈሩን ሲሸረሽረው በእጇ ትመልሰዋለች።

"ተሸክመህ አታወጣትም?" ብዬ ወንድሜ ላይ ጮህኩበት።

"አንተ መጥተህ ተሸከማት" አለኝ። እውነቱን ነው።

አስጎብኚዋ የከተማዋን ግንብ እየዳሰሰች ማዕበል ለዘመናት እንዳልደፈረው ትተርካለች። አንድ ድንጋይ ከላላ ወዲያው ይጠገናል አለች። አናደደችኝ። ምን አደረገችኝ? ምንም። አንዱ ሠልጣኝ አይስክሬሙን እየላሰ ፎቶ አንሣኝ አለኝ፤ አነሣሁት። ያ ሁሉ ባሕር ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ እኔ የማየው ስልኬን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴን በስንት መከራ አገኘኋት። በቋንቋችን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻም አለቀስኩ፤ ይህን የሚያህል ሰውዬ፣ ቱሪስት መሀል ቆሜ። ሰማችኝና "ብቻውን ነው እኮ" አለች። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

አመሻሽ ላይ ወንድሜ ደወለ። ጎረቤቶች ደጋግፈው ታንኳ ላይ አውጥተዋታል። ተመስገን አልኩ፤ ግንቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ከታንኳው ላይ ያነሣውን ፎቶ ላከልኝ። ማንጎው ከግማሹ በላይ ይታያል፤ ሌላው ሁሉ ቡናማ ውሃ ነው። በጣቴ አጎላሁት፣ ወዲያ ወዲህ አልኩት። መቃብሩ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አቃተኝ።

እናቴ ስልኩን ተቀበለችው።

"የኔ ዓይን ደክሟል፤ ልጄ፣ እስቲ አንተ እየው። አባትህ ይታያል?"

"ይታያል፣ እማዬ።"

"ውሃው አፈሩን አልወሰደበትም?"

"አልወሰደበትም" አልኳት።