የቺን እግረኛ ወይስ የሃን ፈረሰኛ

ዛሬ ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጥፍሯን ቀለም ትቀባ ነበር። ሽታው ሲሸተኝ ልጅ ሆኜ የኖርኩበት የቀበናው ቤታችን ትዝ አለኝ።

ቻይና ይማር የነበረው አጎታችን ለእኔና ለወንድሜ ለዳዊት አውራ ጣት የማያክሉ የፕላስቲክ ወታደሮች አምጥቶልን ነበር። በአንዱ ካርቶን የጥንቱ የቺን መንግሥት እግረኞች፣ በሌላው ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጣው የሃን መንግሥት ፈረሰኞች ነበሩ። በእናታችን የጥፍር ቀለም ቀባናቸውና ሳሎን ወለሉ ላይ ለጦርነት ደረደርናቸው። ችግሩ ሁለታችንም ፈረሰኞቹን መፈለጋችን ነበር። ዳዊት ክንዴን ነከሰኝ፤ እኔም ጮህኩ።

ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ጡረተኛው ወታደር አያታችን ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙና ሁለቱንም ጦር ሲመረምሩ ቆዩ።

«የእነዚህ ስንቅ የታለ?» አሉ።

«አባባ፣ አሻንጉሊት እኮ ናቸው!» አልኳቸው።

«ቢሆኑስ? ፈረስ ደግሞ ከሰው የበለጠ ይበላል። እኔ ብሆን እግረኞቹን ነው የምመርጠው።»

ይህን ስንሰማ ሁለታችንም እግረኞቹ ላይ ተረባረብን። አያታችን ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥተው በሁለቱ ጦር መሃል አፈሰሱና «እንግዲህ ስንቁን ቀድሞ የያዘ ይመርጣል» አሉ። እኛ ወታደሮቻችንን እስክናሰልፍ ቆሎውን ራሳቸው ቆርጥመው ጨረሱት።

መገናኛ ስወርድ ለዳዊት ደወልኩለት። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው።

«ዛሬ ቢሆን የትኛውን ጦር ትመርጣለህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አለኝ።