የሱሪው ወገብ

ልብስ ሰፊው ሳንባው ላይ ካንሰር ከተገኘበት ጀምሮ ሚስቱ ከምድጃው ሥር አልጠፋችም። ሐኪሟ፣ «ከከሳ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፤ ሕክምናውንም አይችለውም። እንደምንም ይብላ» ብላታለች።

ቤት ውስጥ ሚዛን ስለሌላት መለኪያዋ የሱሪው ወገብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቷን ታሾልክበታለች፤ ከአንድ ጣት በላይ አያስገባም።

«ተመስገን፣ አልከሳህም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ የምታደልቢኝ ልታርጂኝ ነው እንዴ?» ይላታል። ሁለቴ ከጎረሰ በኋላ ግን አይወርድለትም። ፊቱ ሲሟሽሽ እያየች እንኳ ያመነችው ሱሪውን ነው።

ተቀብሮ ሰው ከተበተነ በኋላ ሱሪውን ለወንድሙ ልትሰጥ አነሳችው። የልጅ ሱሪ አክሏል። ገልብጣ ስታየው በስፌቱ አጠገብ ሌላ ስፌት፣ ከዚያም ሌላ አለ። ለካ በከሳ ቁጥር ሱቁ ቁጭ ብሎ ሲያጠበው ኖሯል።

«አንተ ውሸታም!» ብላ ወረወረችው። አሁን በማን ትናደድ? መልሳ አነሳችው።

ባሏ ልብስ ሲያጠብ ትርፉን ጨርቅ ቆርጦ ይጥላል፤ የሚተወው ደንበኛው «መልሼ መወፈሬ አይቀርም» ካለው ብቻ ነው። ከራሱ ሱሪ ግን አንዲት ቅዳጅ አልቆረጠም፤ ሁሉንም አጣጥፎ ውስጥ አቆይቶታል።