የባሕር ዳሩ ኦርጋን ጥቁር ጥርሶች

የዚያን ዓመት ሃርማታን አልረሳውም። ነፋሱ የበረሃውን አቧራ ተሸክሞ መጥቶ በጋና የባሕር ዳር ከተማችን አፓም ላይ ሲቀመጥ ባሕሩ ከዓይናችን ጠፋ። ድምፁ ይሰማል፣ እሱ ግን የለም። ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ስንስቅ ስለሚደማ አፋችንን በእጃችን ይዘን ነበር የምንስቀው። ሰው ሁሉ ሃርማታንን ይረግማል። እኔ ግን እወደው ነበር። በዓመት አንዴ፣ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት፣ የጸሎት ቤታችን ኦርጋን አፉን ሞልቶ ይናገር ነበርና።

ኦርጋኑ በእግር የሚረገጥ፣ ወናፍ ያለው አሮጌ ዕቃ ነው። ጸሎት ቤታችን ባሕሩ አፍ ላይ ስለሆነ እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ቁልፎቹን እኛ ጥርስ ነው የምንላቸው። ነጮቹ ጥርሶች አንዴ ከተጫኗቸው ወርደው ይቀራሉ፤ ጥቁሮቹ ግን ከምን እንጨት እንደተሠሩ እንጃ፣ ምንም አይነካቸውም። ሃርማታን ሲመጣ ነጮቹም ደርቀው ይላቀቃሉ። ነፋሱ ሲሄድ ተመልሰው ይጣበቃሉ።

ጆጆ አብሮኳ ኦርጋን የተማረው በዚህ ዕቃ ላይ ነው።

ሥራው ታንኳ መቀባት ነበር። እስከ ቀትር ድረስ ባሕር ዳር ተንበርክኮ የታንኳ ሆድ ላይ ዓሣና ኮከብ ይሥላል፤ ከዚያ ጣቶቹን በላምባ ታጥቦ ወደ ጸሎት ቤቱ ይመጣል። ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም ግን መቼም አይለቅም። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጸሎት ቤቱን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የሱን ዜማ ግን ስጠርግ ስወለውል ሳልወድ በግድ ተማርኩት። ሳልወድ በግድ ብዬ ነው ለሰው የምናገረው።

አስተማሪ አልነበረውም። በጥቁሮቹ አምስት ድምፆች ብቻ ያጅበናል፣ የጎደለውን እኛ በአፋችን እንሞላለን። እንደዚያ ተስማምተን ስንዘምር ዓመታት አለፉ፤ አንድም ቀን ጎደለን ብለን አናውቅም።

በከተማችን «የእጅና እግር ማኅበር» የሚሉት ነበር። ኦርጋን የሚነካ ሁሉ፣ ከየትኛውም ጸሎት ቤት ይምጣ፣ ትናንት የጀመረም ይሁን ሃያ ዓመት የተጫወተ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይገናኛል። ሕጋቸውን ወድጄው ነበር። ጀማሪው እጁን ብቻ ይዞ ይቀመጣል፤ ከሱ የሚበልጠው አጠገቡ ሆኖ ወናፉን በእግሩ ይረግጥለታል። የሚያውቀው እግር፣ የማያውቀው እጅ። አስታማሚ ነርስ ትመጣለች፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊው ኤጃ ባይዱ ይመጣል። የሁሉም የበላይ ቲቸር ዶርካስ ኦቱ ነበረች፤ የላይኛውን ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ኦርጋን የምትጫወት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት።

ጆጆ ለመሄድ ያፍር ነበር። እኔ ነኝ የገፋሁት።

«ሂድ እንጂ ብራ ጆጆ!» አልኩት፤ ታላቅ ወንድምን እኛ ብራ ነው የምንለው።

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«ምንም አትበል። እጅ አለህ አይደል? እጅ ነው የሚፈልጉት።»

ሄደ። ተከትዬው ሄድኩና በር ላይ ቆምኩ። ቲቸር ዶርካስ መዝሙር ገልጣ ሰጠችው፤ እሱ መጽሐፉን ዘግቶ ጥቁሮቹን ብቻ እየነካ ተጫወተ። ሲጨርስ ኤጃ ባይዱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ ነጮቹ ምን አደረጉህ? ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣን እኮ አራት ዓመታችን ነው፤ ታረቃቸው እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጆጆም ሳቀ፣ ከንፈሩም ደማ። ቲቸር ዶርካስ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች።

«ድገመው» አለችው። «ቅድም ቀኝ እጅህ የሠራውን እኔም አላውቀውም።»

እንዲህ ሆኖ ማኅበርተኛ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የወረዳው ቄስ፣ ኦሶፎ አምፒያ፣ አዲስ ትእዛዝ አወጡ። በየጸሎት ቤቱ ኦርጋን ላይ የሚቀመጥ ሰው ከመዝሙር መጽሐፉ የታዘዘውን ሁሉ መጫወት አለበት፤ የማይችል ለሚችል ይልቀቅ። የእኛ ፈተና ለምስጋናው እሑድ፣ ቄሱ ራሳቸው ባሉበት ሆነ። መዝሙሩም አርባ አንደኛው እንደሚሆን ነገሩን። ጆጆ ካልቻለ ከማሠልጠኛ ኮሌጅ የመጣ ፊልክስ የሚባል ወጣት ይተካዋል። ለጆጆ ያ ወንበር ምን እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። ሚስት የለውም፣ ታንኳ የለውም፤ የሌሎችን ታንኳ እየቀባ የሚኖር ሰው ነው። በከተማው ሰው ስሙን የሚጠራው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ማኅበሩ ተነሣለት። ያ ሃርማታን ነጮቹን ጥርሶች እንደለቀቃቸው ቲቸር ዶርካስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ትወርድ ነበር። ነርሷ ትረግጣለች፣ ኤጃ ባይዱ ይረግጣል፣ ጆጆ አርባ አንደኛውን እየተሳሳተ ይደግማል። እኔ ዶኮኖ የምንለውን የበቆሎ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ አመጣላቸዋለሁ።

«ነጩ ላይ ሲደርስ እኮ ጣቱ እንደ ሙሽራ ያፍራል» ይላል ኤጃ ባይዱ አፉ ዶኮኖ ሞልቶ።

«አንተ ሱሪዬን ስትሰፋ አንዱን እግር ካሳጠርከው ስንት ጊዜህ ነው?» ይለዋል ጆጆ።

በየካቲት መጨረሻ ቻለው። ቅዳሜ ዕለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳይስት ተጫወተው። ቲቸር ዶርካስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ያን ዕለት ማታውን ነው። ለምስጋና እያንዳንዱ ያፈራውን ያመጣል፤ በዚያ ወራት ደግሞ አፓም ጨው ነው የሚያፈራው። ባሕሩ ዳር ያለው የጨው ሐይቅ ደርቆ ጨው ይጠረጋል። ሰዎች ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ጆንያ ጨው ተሸክመው መጡና «የት እናስቀምጥ?» አሉኝ። ወንበሩ እንደ ንጉሥ ዙፋን እንዲያምር ፈለግሁ። በኦርጋኑ ቀኝ ሁለት፣ በግራው ሁለት አስደገፍኩና ባማረ ጨርቅ ሸፈንኩት። ዞር ብዬ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ነፋሱም ተገልብጦ ከባሕር ይነፍስ ጀመር።

እሑድ ቤቱ ጢም አለ። ኦሶፎ አምፒያ አርባ አንደኛውን ጠሩ። ጆጆ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ፣ ረገጠ፣ ተጫነ። የመጀመሪያው ነጭ ወርዶ ቀረ። ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛው ወርዶ እየጮኸ አልቆም አለ፤ ጆጆ በሰማያዊው ጥፍሩ ፈልቅቆ አነሣው። ከኋላ ልጆች ሳቁ። ፊልክስ ክራቫቱን አስተካክሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጆጆ ዘወር ብሎ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጆንያ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

እኛ ጋ በጸሎት መካከል መዝሙር ማንሣት የባልቴቶች ነው። ፀጉራቸው የነጣ፣ መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉ እናቶች፣ ሰባኪው እየተናገረም ቢሆን ከልባቸው ዜማ ሲመጣ ያነሣሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ኦርጋን ያን ጊዜ ዝም ይላል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ያላገባች፣ መጥረጊያ የምትይዝ ልጅ አታነሣም። እኔ ግን ተነሣሁ። ጥቁሮቹ ጥርሶች የት ቦታ እንደሚናገሩ ጉሮሮዬ ያውቀዋል፤ ዓመት ሙሉ እየጠረግሁ ሰምቻለሁ። ልክ እዚያ ላይ አነሣሁት።

«ባሕሩን የሠራው፣ ታንኳዬን ያውቃታል፤
ማዕበል ቢውጣትም፣ በስሟ ይጠራታል።»

ለብቻዬ ነበርኩ። የሴቶቹ ሁሉ ታላቅ ናና ኤሲ አንገቷን አዙራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ያኔ ጆጆ ጥቁሮቹን ነካ። የባልቴቶችን ዜማ ኦርጋን ሲከተለው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ናና ኤሲ ትንሽ አዳመጠች፤ ከዚያ እጇን አጨበጨበችና ተቀበለችኝ። እሷ ስትቀበል ቤቱ በሙሉ ተቀበለ።

በመሐል ወናፉ ሲያጥረው ሰማሁ፤ የጆጆ እግር ደክሞ ነበር። ቲቸር ዶርካስ ከፊት ወንበር ተነሣች፣ በሕዝቡ ፊት ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና ትረግጥለት ጀመር። የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እመቤት ለታንኳ ቀቢው እግር ሆነች። የማኅበሩ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ስለገባቸው ሁሉም ቆሙ።

ዜማው ሲያልቅ ኦሶፎ አምፒያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም ነው። እኔ ያዘዝኩት ግን አርባ አንድን ነው።»

ቲቸር ዶርካስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኦሶፎ፣ አርባ አንድን ትናንት እዚሁ ተጫውቶታል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ዛሬ ኦርጋኑ ታሟል። ካላመኑ ፊልክስ ይሞክረው።»

ፊልክስ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ነጮቹን ተጫነ። ወርደው ቀሩ። ጥቁሮቹን ፈራ ተባ እያለ ነካቸው፤ ምን እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። ደግ ልጅ ነበር፣ ራሱ ሳቀ። «ኦሶፎ፣ እኔ ይህን ቋንቋ መናገር አልችልም» አለ።

ኦሶፎ አምፒያ ኦርጋኑን አዩ፣ ጆንያዎቹን አዩ። «እንግዲያው ይህን ዕቃ ማናገር የሚችለው ይቀመጥበት» አሉ።

ከጸሎት በኋላ አለቀስኩ። ጆጆ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«አራባ፣ ኦርጋኑን በጨው አሸሽው እንዴ? ዓሣ መሰለሽ?»

«ይቅር በለኝ ብራ ጆጆ።»

«አሁንማ አይበሰብስም፣ ዕድሜ ልኬን ያቆየኛል» አለ።

አቆየውም። ማኅበሩ ኦርጋኑን ፈታትቶ አደረቀው፣ ጆጆም በየሃርማታኑ ነጮቹን ተማረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ ጥቁሮቹን ሊማሩ እነ ቲቸር ዶርካስ እጅ ይሆናሉ፣ ጆጆ እግር። ፊልክስም ይመጣ ነበር። የባልቴቶችን ዜማ በኦርጋን መከተል በከተማችን እንደዚያ ነው የተለመደው። እኔም ከዚያ ወዲህ አንሺ ሆንኩ፤ ፀጉሬ እስኪነጣ አልጠበቅሁም።

ጆጆ ጎረቤታችን ሙምፎርድ ከተማ የተወለደች ጨዋ ሴት አገባ። በሠርጉ ዘመርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጣቶቹ እስኪታጠፉ ድረስ። ሚስቱ ስትሞት ልጁ መጥታ ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደችው።

ባለፈው ፋሲካ ከዚያ የመጣች የእህቱ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ጆጆ አብሮኳ ዛሬም ታኮራዲ ከተማ፣ ክዌሲሚንትሲም ሰፈር፣ ሴት ልጁ ቤት ነው ያለው።